ከዒላማው ጀርባ ያስቀመጥኩት አሞሌ

ይህን እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሌሎች ኃጢአቶቼን ስዘረዝር ይህን ዘልዬዋለሁ። እኔ እንኳ ነገር የምዘል ሰው አልነበርኩም፤ የድኩላ ኮቴ ሳገኝ ስፋቱን በጣቴ ለክቼ ካልጻፍኩ አላልፍም። ይህን ግን ዘለልኩት።

ከጉደር ወዲያ፣ ወታደሮች የሚሰለጥኑበት የታጠረ ሰፊ መሬት አለ። ሰው ስለማይገባበት ደኑ ተርፏል፤ ድኩላውና ጉሬዛውም እንዲሁ። የዱር እንስሳቱን የመጠበቅ ሥራ ሲጀመር ኃላፊ የተደረግኩት እኔ ነኝ። ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። የቀረውን ከመጻሕፍትና ከኦቦ ቶላሳ ተማርኩ። ኦቦ ቶላሳ በአጥሩ ሥር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ በበጋ ከግቢው ለበሬዎቻቸው ሣር እንዲያጭዱ የሥልጠናው አዛዥ የሆነው ሻለቃ ፈቅዶላቸው ነበር። ዱካ ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ደብተር ይዤ ሲያዩኝ፣ «ዶክተር፣ ዛሬስ ድኩሎቹ ስማቸው ሲጠራ አቤት አሉ?» ይሉኛል።

አቤት አላሉም። የዛሬው ቁጥሬ ከትናንቱ አይገጥምም፤ ይህም ያብከነክነኝ ነበር። ስለዚህ ከአምቦ ገበያ ለከብት የሚሰጠውን አሞሌ ጨው ገዝቼ፣ ከተኩስ ዒላማዎቹ ጀርባ ካለው ቁጥቋጦ ዳር አስቀመጥኩ። ልምምዱ ለጊዜው ቆሞ ነበር። ድኩሎቹ ንጋት ላይ እየመጡ ላሱ፤ እኔም ቆጠርኩ። ልምምዱ ሰኞ እንደሚቀጥል ሲነገረኝ እሑድ ላነሳው ይገባኝ ነበር። አላነሳሁትም። ለምን? ቆጠራዬ አንድ ንጋት ጎድሎት ነበር። ለአንዲት ንጋት ብዬ! ሰኞ ቆጥሬ አነሳዋለሁ አልኩ። ተኩሱ ቀደመኝ።

ከቆጠርኳቸው ድኩሎች አንዷን፣ ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀውን፣ እኔና ሻለቃው ከጨዉ አጠገብ ወድቃ አገኘናት። ሻለቃው አሞሌውን በጫማው ጫፍ ገልበጥ አድርጎ፣ «ይህን ማን አመጣው?» አለኝ።

«ኦቦ ቶላሳ ከብት አላቸው» አልኩ።

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ውሸት አልወጣኝም እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን ሸነገልኩ? ጨዉን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ያላነሳሁት እኔ ነኝ። በሽማግሌው ላይ ጣቴን የቀሰርኩት እኔ ነኝ።

የሣር ፈቃዳቸው በዚያው ቀን ተነጠቀ። ሻለቃው ፊት እኔ አላስቀመጥኩም ብለው ምለው ነበር፤ የሰማቸው የለም። በጋው ከፋ፤ አንዱን በሬ ጉደር ገበያ አውጥተው ሸጡት። በአንድ በሬ አይጠመድምና መሬታቸውን ሌላ ሰው የእኩል እንዲያርሰው ሰጡ።

አንድ ቀን አጥሩ ዳር አገኙኝ። ዶክተር አላሉኝም።

«ልጄ፣ አንተ ዱካ ታነባለህ። ጨዉ ዙሪያ የእኔን እግር አየህ?»

«መሬቱ ደረቅ ነበር» አልኳቸው።

ይህም እውነት ነው። ግን አቧራው ላይ የጎማ ጫማዬ ዱካ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። አይቼዋለሁ። እሳቸው ባስተማሩኝ ዓይን አይቼዋለሁ።

በደብተሬ የዚያ ሰኞ ገጽ ላይ «አንዲት ድኩላ፣ በጥይት» የሚል ብቻ ነው ያለው። ዛሬ ከሥሩ «ጨዉን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» ብዬ ጨመርኩ። ጽፌ ሳበቃ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። ኦቦ ቶላሳ ፊደል አያነቡም። ደጃቸው ቆሜ፣ በገዛ ቋንቋቸው በኦሮምኛ፣ በአፌ ልነግራቸው ይገባል፤ ቀጥሎም ለሻለቃው። ይቅር ባይሉኝ የምከራከርበት አንዲት እውነት እንኳ አልያዝኩም።