የቀዩ ወረቀት ጫፍ

ሹዞ በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ጸጉር አስተካካይ ነው። ወደ እሱ የሚሄድ ሰው ግን ከቤቱ ሲወጣ «እመለሳለሁ» ይላል እንጂ «ቶሎ እመለሳለሁ» አይልም። ሹዞ ምላጩን ስሎ፣ አገጭህን በአረፋ ሸፍኖ፣ አንገትህን ቀና ካደረገ በኋላ በመስኮቱ አሻግሮ ሰማይ ሊያይ ይችላል። ሰማይ ካየ አለቀ። ደመናው ከተሰነጠቀ፣ ጉም ከወረደ፣ ወይም ዓሣ አጥማጆቹ መረብ የሚያሰጡበት ግድግዳ ላይ የከሰዓት ጀንበር ካረፈች፣ ምላጩን ያስቀምጥና ካሜራውን ከካፖርት መስቀያው ላይ መንጭቆ ይወጣል። ደንበኛው አረፋው ፊቱ ላይ እየደረቀ ይቀራል።

«ቺዙኮ! ባልሽ ደግሞ በረረ!» ብሎ ወደ ጓዳ ይጣራል።

ሚስቱ ቺዙኮ እጇን በሽርጧ እያደረቀች ትመጣና የቀረውን ትላጫለች። እጇ ከባሏ እጅ ይቀልላል ይባላል። አንዳንዱማ ሆን ብሎ ሰማዩ የሚለዋወጥበትን ቀን መርጦ ነው የሚመጣው።

የሹዞን ልብ የሚያቁነጠንጠው አንድ ፎቶ ነበር። ምን ዓይነት ፎቶ እንደሆነ ቢጠይቁት አያውቅም፤ ሲያየው ግን እንደሚያውቀው እርግጠኛ ነው። ሾርባውን ቆሞ ይጠጣል፤ እንግዳ እያዋራው ዓይኑ በእንግዳው ትከሻ ላይ አልፎ ጥላና ብርሃን ይለካል። የአውራጃው ጋዜጣ እንደ እሱ ሌላ ሥራ እያላቸው በፎቶ ፍቅር የተለከፉ ሰዎችን በየዓመቱ ያወዳድራል። ሹዞም ከዓመት ዓመት ይልካል፤ ከዓመት ዓመት ስሙ ከመጨረሻው ረድፍ፣ «ተስፋ ያላቸው» ከሚለው ሥር ይወጣል። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ሰው እስከ መቼ ተስፋ ያለው ሲባል ይኖራል?

በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ልጁ ማዮ የምትሄድበት ጊዜ ደረሰ። ደሴቷ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የለም፤ ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ባሕሩን ይሻገራል። መርከቧ ስትነሳ ተጓዡ ከላይ ሆኖ ባለ ቀለም የወረቀት ጥቅሎች ይይዛል፤ ጫፋቸው ወደብ ላይ በቀሩት ዘመዶቹ እጅ ነው። መርከቧ ስትርቅ ወረቀቱ ይተረተራል፣ ይወጠራል፣ ይበጠሳል። ጫፉን የያዘ ሰው ሳይበጠስ አይለቅም። የተጻፈ ሕግ ባይሆንም ሲጣስ ያየ የለም።

በዋዜማው ቺዙኮ የልጇን ልብስ እያጣጠፈች «ስማኝ» አለችው፤ «ነገ ካሜራ አትይዝም።»

«አልይዝም አልኩሽ እኮ።»

«በሞቴ በል።»

«በሞትሽ! ምን ሆነሻል? ልጄ አይደለችም እንዴ?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅህ።»

በማግስቱ ስለዘነበ ካፖርት ለበሰ። ካሜራውም ካፖርቱ ሥር ገባ። እንዴት እንደገባ ሹዞ ራሱ አያውቅም፤ እጁ የለመደውን አደረገ።

ወደቡ በሰው ተሞልቶ ነበር። ማዮ ከመርከቧ አጥር ተደግፋ አረንጓዴውን ለእናቷ፣ ቀዩን ለአባቷ ወረወረች። ሹዞ የቀዩን ጫፍ ጣቱ ላይ ጠምጥሞ ያዘ። መርከቧ ጮኸችና ከወደቡ ተላቀቀች። ልክ ያኔ፣ ጠዋቱን ሙሉ ተከድኖ የዋለው ደመና ከሥሩ ተከፈተና ጀንበር ገባችበት። በዝናብ የራሱት ወረቀቶች ሁሉ በአንዴ አንጸባረቁ፤ ከወደቡ እስከ መርከቧ ሸማኔ የወጠረው ድር መሰሉ።

ሹዞ ላለማየት ፊቱን አዞረ። እንደገና አየ። ይህ ብርሃን እንደማይቆይ ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አጠገቡ ሽማግሌው ጀልባ ሠሪ ገንፓቺ ቆመዋል።

«ጋሽ ገንፓቺ፣ ለአንድ አፍታ ይያዙልኝ።»

«ምኑን?»

«ይቺን ጫፍ!»

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል እንዴ? የልጅህን...»

ሽማግሌው ሳይጨርሱ ወረቀቱ መዳፋቸው ውስጥ ነበር። ሹዞ ሰው እየገፋ ሮጦ የወደቡ ግንብ ላይ ወጣ። በረጅሙ ሌንስ ውስጥ የወረቀቱ ድር፣ ውኃው፣ ጀንበሯ፣ በመካከላቸውም አንድ ፊት ታየው። «እንደሱ! እንዳትንቀሳቀሺ!» አለ ለራሱ፣ የማያውቃትን ልጅ የሚያነሳ ይመስል። ቁልፉን ተጫነ።

ሲመለስ ገንፓቺ የራሰ ቀይ ቁራጭ ይዘው ቆመዋል።

«እንካ፣ ተበጥሷል» አሉት። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ።»

ቺዙኮ ሳትጠብቀው ወደ ቤት ሄደች።

ፎቶውን ፎጣ በሚታጠብባት ክፍል ውስጥ በቀይ መብራት አጠበው። ከውኃው ውስጥ ቀስ በቀስ የማዮ ፊት ወጣ። ከአጥሩ ጎንበስ ብላለች፤ አፏ ስም ሊጠራ እንደተከፈተ ቀርቷል። ሹዞ መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር። መደበቅ አይቻልም፤ ብቻውን እንደ ሕፃን ዘለለ። ዕድሜውን ሙሉ ያሳደደው ይህ ነበር። ዓይኖቿ ወዴት እንደሚያዩ በጣቱ የተከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ዓይኖቿ አንዱን ወረቀት ተከትለው ወረዱ፣ ወረዱና የገንፓቺ የተጨበጠ እጅ ላይ ቆሙ። አፈረ። እያፈረም አንደኛ እንደሚወጣ አሰበ። ሁለቱ ሐሳቦች እየተፈራረቁ እስኪነጋ አላስቀመጡትም።

ጠዋት ለሚስቱ አሳያት። ረጅም ጊዜ አየችው።

«እስከ ዛሬ ካነሳኸው ሁሉ ይበልጣል።»

«የምርሽን ነው?»

«የምሬን ነው። ትልከዋለህ?»

«ፎቶው ላይ ያለው ሰው መፍቀድ አለበት። ደውዬ...»

«ደውዬ የሚባል ነገር የለም! ሄደህ ዓይኗን እያየህ ጠይቃት።»

በመጣችው መርከብ ተሻገረ። ማዮ ወደ ተማሪዎቹ ማደሪያ የእንግዳ ክፍል የደንብ ልብሷን ለብሳ መጣች። እናቷ የላከችላትን ከሩዝ የተድቦለቦለ ስንቅ ሰጣት። ካሜራ ስላልያዘ እጁን የሚያደርግበት አጥቶ አንዴ ኪሱ ይከታል፣ አንዴ ጉልበቱን ይዳብሳል።

«ትበያለሽ? ከስተሻል።»

«አባዬ፣ ከመጣሁ እኮ ገና ወር አልሞላኝም። ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትቁነጠነጠው?»

ፎቶውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ማዮ አየችው። ሹዞ አፉ እንዳመጣለት ቀባጠረ።

«ብርሃኑ ድንገት መጣ። ለአንድ አፍታ ብዬ ነው። ደግሞ ከሩቅ ነሽ፣ አታዪኝም ብዬ...»

«ብርሃኑ ሲመጣ እኔም አይቼዋለሁ» አለች ማዮ፣ ዓይኗን ከፎቶው ሳታነሳ። «ወዲያው እጅህን መፈለግ ጀመርኩ።»

ሹዞ ልጁ እንዳወቀችው ያህል ማንም አውቆት እንደማያውቅ ተሰማው፤ ይህም ደስ አላሰኘውም።

«በጣም ያምራል። ላከው» አለችው።

«ማዮ፣ ተይው ይቅር። እኔ...»

«ላከው አልኩህ!» ፎቶውን ወደ እሱ ገፋችው። «ካልላክከውማ ለምን ለቀቅከኝ?»

ላከው። አንደኛም ወጣ። ፎቶው በጋዜጣው ላይ ግማሽ ገጽ ይዞ ታተመ፤ ከሥሩ ዳኛው «ፎቶ አንሺው መገኘት በሚገባው ሰዓት፣ መገኘት በሚገባው ቦታ ተገኝቷል» ብለው ጻፉ። ደሴቷ ሙሉ እየመጣ እንኳን ደስ ያለህ አለው።

ቺዙኮ ፎቶውን ከነዳኛው ጽሑፍ በመስታወት አስገብታ ከደንበኞች ወንበር ፊት ለፊት ሰቀለችው። ለምን እዚያ እንደሰቀለችው የጠየቃት የለም። ሹዞ ዛሬም ሰማይ ያያል፤ ደመና ሲሰነጠቅ ጣቶቹን አሁንም ይበላዋል። ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ እንግዳ ሁሉ ግን አረፋው ተቀብቶ፣ አንገቱ ቀና ሲል፣ ፎቶው ላይ ያፈጥና አንድ ነገር ይጠይቃል።

«ይቺ ልጅ ማንን ነው እንዲህ የምትፈልገው?»

«እኔን» ይላል ሹዞ።

ቀልድ ይመስላቸውና ይስቃሉ። ምላጩ እንዳይቆርጣቸው ሳቃቸውን እስኪጨርሱ ይጠብቃል።