ራቤል ወደቀ ብዬ የጻፍኩት

መሐል ሜዳ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት እሠራለሁ። ከክፍሎቹ አንዷ ጠባብ ናት፤ ሲያጓራ የሚውል የኔትወርክ ሣጥን፣ አንድ ስክሪንና አንድ አግዳሚ ወንበር አሉባት። ከደብረ ብርሃን በወር አንዴ የሚመጣው ባለሙያ፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደል መቁጠሬን ሲሰማ ደብተር አምጥቶ ሥራ ጨመረብኝ።

“እማማ፣ ይኼ ራውተር ይባላል” አለኝ። “በየከተማው ጎረቤቶች አሉት። በየአሥር ሴኮንዱ ‘አለሁ፣ አለሁ’ ይባባላሉ። አንዱ አርባ ሴኮንድ ዝም ካለ፣ ይኼኛው ‘ጎረቤቴ ወደቀ’ ብሎ ስክሪኑ ላይ ይጽፋል። እንደገና ሲሰማው ደግሞ ‘ተነሣ’ ይላል። እርስዎ የከተማውን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይያዙልኝ።”

“ወደቀ”፣ “ተነሣ” እና የከተሞቹ ስሞች በፈረንጅ ፊደል ምን እንደሚመስሉ ካርቶን ላይ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈልኝ። ደስ አለኝ። ማን እንደሠራ፣ ማን እንደተኛ የሚለይበት ደብተር እጄ ገባ ብዬ ነው። ቀኑን የምጽፈው በታቦቱ ስም ነበር፤ አቦ፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ጊዮርጊስ እያልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ከከተሞቹ አንዱ፣ ራቤል፣ አስቸገረ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ክፍሏን ወልውዬ፣ ባልዲዬን ደፍቼ ስመለስ “ራቤል ወደቀ” የሚል ተጽፎ አገኛለሁ። ወለሉ ደርቆ ዕቃውን ወደ ቦታው ከመለስኩ በኋላ “ራቤል ተነሣ” ይላል። ሌሎቹ ከተሞች ንቅንቅ አይሉም። በዚያች ሰዓት ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ ራቤል የደረሰ ሽማግሌ “ኔትወርክ የለም” ተብሎ ብርድ ላይ ይቆማል። ያንገበገበኝ ይኼ ነው።

የራቤሉን ማሽን የሚጠብቁት ሰው በዕድሜ ከእኔ ከፍ ይላሉ። ደወልኩላቸው።

“ጋሼ፣ ዛሬም ወደቁ።”

“ማን? እኔ? ቆሜ እኮ ነው የማወራዎት፣ እሜቴ።”

“ማሽንዎ ነዋ! ጠዋት ጠዋት አጥፍተውት ቅዳሴ ይሄዳሉ።”

“ማን ነው ያለው?”

“ደብተሬ።”

ሳቁ። “እኔም ደብተር አለኝ። በእኔ ስክሪን የወደቀው መሐል ሜዳ ነው።”

“የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ!” ብዬ ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት።

ደብተሬን ይዤ የእኛንም የራቤልንም ቢሮ የሚመራው ኃላፊ ዘንድ ገባሁ። እሱ ሊያለዝበው ሞክሮ ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። “እኔ አንድ ቀን ባረፍድ ይጻፍብኛል። የሳቸው ሽበት ከእኔ ሽበት በምን ይበልጣል?” አልኩ። ስብሰባ ላይ ቆሜ ገጽ በገጽ አነበብኩት። ሰውየውን የጠየቃቸው የለም። ተሰናበቱ። መሬታቸውን ለልጆቻቸው አካፍለው ስለነበር የቀራቸው መተዳደሪያ ያች ጥበቃ ብቻ ነበረች።

በቦታቸው አንዲት ወጣት ለሙከራ ተቀጠረች። ራቤል ግን መውደቁን አልተወም።

ባለሙያው በወሩ መጥቶ ደብተሬን ሲያገላብጥ ቆየና፣ “እማማ፣ በሚካኤል አይወድቅም” አለ። “በማርያምም የለም። በባለወልድም የለም።”

“ታቦቶቹ ይጠብቁታላ!”

“ሰውየው ቅዳሴ ሊሄዱ ነው የሚያጠፉት ብለው አልነበር? እንደሱ ከሆነማ ከሁሉ ቀን በሚካኤል ነበር የሚያጠፉት።”

እየሳቀ ወደ ሌላ ክፍል ሄደ። እኔ ቀኖቹን ደግሜ ቆጠርኩ። በእነዚያ ሦስት ቀኖች ቢሮ ገብቼ እውላለሁ እንጂ ወለል አልወለውልም፤ በዓል ነውና ስቀጠር የተስማማሁት ነው።

በሩን ዘጋሁና፣ ልወለውል ስል ሁልጊዜ እንደማደርገው አግዳሚ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ገፋሁት። እግሩ ከሣጥኑ ሥር በሚወጣ አንድ ገመድ ላይ አርፎ ተጫነው። ቆሜ ጠበቅኩ። አርባ ሴኮንድ እንዲያ እንደሚረዝም አላውቅም ነበር። ራቤል ወደቀ። ወንበሩን ሳብኩት። ራቤል ተነሣ።

ማሽኑ ያለው “አልሰማሁትም” ብቻ ነው። “አጥፍቶት ሄደ” ያልኩት እኔ ነኝ። በእኛ በመንዝ የጎረቤት ቤት ጠዋት ጭስ ካልታየበት ሄዶ በሩን ማንኳኳት ነው እንጂ መርዶ አይነገርም። ማጨድ በተከለከለበት ወቅት ከጋራ መሬታችን ከጓሳ ሣር አጨደ የተባለ ሰው እንኳ “አንተስ ምን ትላለህ?” ሳይባል አይቀጣም። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። የሳቸውን ደብተር ያኔ አስመጥቼ ከእኔው ጎን ባስቀምጠው ኖሮ፣ ሁለታችንም ያንኑ ሰዓት መጻፋችን፣ የተቋረጠውም መሐላችን ያለው መስመር መሆኑ ይታይ ነበር።

ለኃላፊው ነገርኩት። ግንባሩን ያዘ። “እማማ፣ የልጅቷ የቋሚነት ደብዳቤ ወጥቷል። አሁን እሷን በምን ጥፋቷ ላሰናብታት?”

እውነቱን ነው። እሷም ምንም አላጠፋችም።

አንዲት በግ ይዤ ራቤል ሄድኩ። ሰውየው ነገሬን እስክጨርስ ሰሙኝ። በጓን ግን አልተቀበሉኝም።

“ስሜ የጠፋው ሰው ፊት ነው። ሰው ፊት ይመልሱልኝ።”

እሑድ እዚያው ራቤል ቅዳሴ ሲወጣ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆሜ ተናገርኩ። አንዲት ሴት “ወንበር ነው እንዴ ሰው ያባረረው?” ብላ ሰውን አሳቀችው።

“ወንበሩን የገፋሁት እኔ ነኝ” አልኳት። “ሰውየውንም።”

እሳቸው አልሳቁም። ሽማግሎች ሰውየው ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ ማመልከቻ አስገብተዋል፤ እስካሁን መልስ የለም።

ያን እሑድ ሁሉንም ተናገርኩ ብለው የተቀበሉኝ ሰዎች ነበሩ። ሁሉንም አልተናገርኩም። ገመዱን ባገኘሁበት ቀንና ለኃላፊው በነገርኩበት ቀን መካከል አንድ ሳምንት አለ። ያን ሳምንት ወንበሩን ሳልነካ ወለወልኩ፤ ራቤልም አንድም ቀን አልወደቀም። “አዲሷ ልጅ ሥራውን ቻለችበት” ሲባል እየሰማሁ፣ ስብሰባ ላይ የጮኸው አፌ ተዘግቶ ሰነበተ። ደብዳቤዋ የተፈረመው በዚያ ሳምንት ውስጥ ነው። በማግሥቱ ተናግሬ ቢሆን ቦታው ገና ክፍት ነበር።

የንስሐ አባቴ “ይህንንም ለሰውየው ንገሪያቸው” ብለውኛል። ከዚያ ወዲህ ከሰውየው ጋር ገበያ ላይ ሁለት ጊዜ ተገናኝተናል። አልነገርኳቸውም።