ማሪቱ ካራ ያነሳች ዕለት

በእንጅባራ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች አንድ ነገር ሲወለድ ወይም ሲጀመር ጥያቄው ያው ነው፤ «ይዘልቃል?» ይባላል። ለጥጃ ይባላል፤ ለተተከለ ቀርከሃ ይባላል፤ ለአዲስ ትዳርም በሹክሹክታ ይባላል። ማሪቱ ባሏ ሞቶ ከአንዲት ላም ጋር ብቻዋን ስትቀር ስለ ጎጆዋም ተብሎ ነበር። «አይዘልቅም» ያሉት ይበዙ ነበር። እሷ ግን ላሟን ቦራን እያለበች፣ ቅቤዋን ጥሊሊ ገበያ እያወጣች ጎጆዋን አቆመች።

ያ ዕለት የጥር ጊዮርጊስ ነበር። ወንዱ ሁሉ ፈረሱን ሸልሞ ለፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ሄዷል፤ ከብቱም አዝመራው በተነሳበት ማሳ ላይ ተለቋል። በዚያ የጎረቤቷ የሽማግሌው የአባ እንየው ኮርማ ከሌላ ኮርማ ጋር ገጠመ። ቀንድ ከቀንድ ሲላተም ግንድ የሚፈለጥ ይመስል ነበር። አፈሩ ተቆፈረ፤ ደም በግንባራቸው ወረደ። በመጨረሻ የአባ እንየው ኮርማ ተሸነፈ። የተሸነፈ ኮርማ ደግሞ ንዴቱን የሚወጣበት አያጣም፤ ሲሸሽ ፊት ለፊት ያገኛት ቦራን ነበር። ቀንዱን ከፊት እግሯ ኋላ ሰክቶ ገፋ፤ ነቀለ፤ ደግሞ ሰካ። ቦራ ተንበረከከች። ከአፏ አረፋ የቀላቀለ ደም መጣ።

ማሪቱ ኮርማውን በድንጋይ አባርራ ስትደርስ የላሟ ዓይን መገልበጥ ጀምሯል። ሆዷ ላይ እጇን ብታሳርፍ ግን ከውስጥ አንድ ነገር ረገጣት።

«ካራ! ካራ አምጡልኝ!»

ጎረቤቷ ሸጋ ካራውን ይዛ እየሮጠች መጣች፤ ግን አልሰጠቻትም፤ ከኋላዋ ደበቀችው።

«አብደሻል? ሴት ያረደችውን ማን ይበላል? በዓል ያልሄደውን ቢሻውን ከወንዝ ማዶ ልጥራው፤ በስመ አብ ብሎ ይባርካት። ሥጋው እንኳ ይትረፍልሽ!»

«እሱ እስኪመጣ ጥጃው ታፍኖ ይሞታል።»

«የምን ጥጃ? ግንቦት መጨረሻ ተጠቅታ ያረገዘች ላም፣ የካቲት እንኳ ሳይገባ? ጠጉርም የለው ይሆናል። ለማይዘልቅ ነገር ላምሽን ለጅብ ልትሰጪ?»

«ስለ እኔም እንዲሁ ስትሉ ነበር። አምጪ!»

ነጠቀቻት። የቦራን ራስ በጉልበቷ ተጭና «ይቅር በይኝ እናቴ» አለችና አንገቷን ቆረጠችው። ደሙ ደረቷን መታት። የላሟ እግሮች መራገጣቸውን ሳያቆሙ ሆዷን ቀደደች። እንፋሎት ወጣ። እስከ ክንዷ ገብታ፣ ማኅፀኑን ሰንጥቃ፣ የሚያዳልጡ እግሮች ይዛ ጎተተች። ፊቷን በነጠላ ሸፍና የቆመችው ሸጋም ነጠላዋን ጥላ አብራት ጎተተች።

ጥጃው ወጣ፤ አይተነፍስም። ማሪቱ በኋላ እግሩ አንጠልጥላ ዝልግልጉን አራገፈች። አፍንጫውን በአፏ መጥጣ ተፋች። ጎኑን በጥፊ መታችው።

«ተይው እንግዲህ፣ እህቴ» አለች ሸጋ።

ማሪቱ እንደገና፣ ክፉኛ መታችው። አስነጠሰ።

ስስ ጠጉር ነበረው። ማሪቱ ወደ ሞተችው ላም ዞራ ገና ያልቀዘቀዘ ጡቷን አለበች። ሸጋ ያቀበለቻትን ቅል ቂጥ እንኳ የማይሸፍን ቢጫ እንገር ወጣ። ጣቷን በሱ እየነከረች አጠባችው።

አባ እንየው አመሻሹ ላይ በተሸለመ ፈረሳቸው ደረሱ። ውሾች በከበቡት በድን ላይ ዓይናቸውን ጣሉ።

«ምነው ልጄ? ይሄን ሁሉ ሥጋ ለውሻ?»

«ሥጋውን ውሾችዎ ይብሉት። ኮርማዎ እናቱን ገድሎበታል፤ ላምዎ ታጥባልኝ።»

ሽማግሌው ከፈረሳቸው ወርደው ጥጃው አጠገብ ተቀመጡ። ይዘልቅ እንደሆነ አልጠየቁም፤ ጣታቸውን አፉ ውስጥ ጨመሩ። ሊያወጡት ቢሉ አልለቅ አላቸው።

«ጥርስ አለው» አሉ።

ፈረሱ የለበሰውን ቀይ ግላስ ገፈው ጥጃውን ጠቀለሉት፤ ኮርቻው ላይ አጋደሙትና ፈረሱን ወደ በረታቸው መሩ። ማሪቱ ደም በደረቀበት ቀሚሷ ከጎን ሄደች፤ እጇን ከጥጃው ላይ አላነሳችም።