ባንች ያስከፈለችው ካሳ

ባንች ጃኬቷን ባትረሳ ኖሮ ነገሩን እንደ ብዙዎቹ ውጣ ትቀር ነበር።

ያን ቀን ኤይን ሀትኽሌት ሰፈር ወዳለው ትምህርት ቤት የሄደችው በልጇ በኦፍሪ ጉዳይ ነው። ኦፍሪ አንደኛ ክፍል ልትገባ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ግን ቦታ ሞልቷል አለ። ከዚያ በኋላ ፎቁ ላይ ላለችው ሩሲያዊት ጎረቤቷ ልጅ ቦታ ተገኘ። ባንች ይህን ልትጠይቅ ስትገባ መነሄሌቷ፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ማለት ነው፣ አሞስን አስጠርታ አስቀምጣው ነበር። አሞስ መግሽር ነው፤ ሥራው ከአገር ቤት በመጣን ወላጆችና በትምህርት ቤቶች መካከል መቆም ነው። ባንች በስድስት ዓመቷ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣች ሴት ናት፤ ዕብራይስጡን ከእሱ እኩል ትናገራለች፤ መሐል የሚቆምላት ሰው አልጠየቀችም። ያም ሆኖ የሷን ንግግር እየተቀበለ እያለዘበ ሲያቀርብ ዋለ።

ተናዳ ወጣች። ደረጃው ጋ ስትደርስ ጃኬቷን ወንበሩ ላይ እንደተወችው ትዝ አላትና ተመለሰች። በሩ ገርበብ ብሏል። አሞስ በዕብራይስጥ፣ «እሷን ለእኔ ተይልኝ» ይላል። «ሽማግሌ እልክባታለሁ። የእኛ ሰው ሽማግሌ ፊት አንገቱን ይደፋል። ሳምንት ሳይሞላ አቤቱታዋን ትተዋለች።»

መነሄሌቷ ሳቀች። ባንች አልገባችም። ጃኬቷን እዚያው ትታ ወረደች።

ባንች ባሕሩ ዳርቻ ላይ ባለ ሆቴል አንሶላ ትተኩሳለች። አንሶላ እርጥበቱ ሳይለቀው ነው የሚተኮሰው፤ አንዴ ከደረቀ እጥፋቱ ምን ቢጫኑት አይለቅም። ስለዚህ ነገሩ ሳይደርቅ «ቆመናል» ወደሚባለው ማኅበር ሄደች። ማኅበሩ ለእኩል መብት የሚሟገት ትንሽ ማኅበር ነው፤ ጠበቃዋ ሀዳስ የምትባል ወጣት ናት። ሀዳስ በቀጥታ ነገረቻት፦ የአንዲት እናት አቤቱታ አንዲቷን እናት ዝም በማሰኘት ያልቃል። የሰፈሩ ቤተሰቦች አባል ሆነው ከኋላዋ ከቆሙ ግን ማኅበሩ በራሱ ስም ይከሳል፤ ያኔ የሚያባብሉት አንድ ሰው አያገኙም።

ባንች ሺኩን ቫቲኪም ሰፈር ካለው ከራሷ ሕንፃ ጀመረች። ሰው ሁሉ በደንብ ያስተናግዳታል፤ ግቢ፣ ተቀመጪ፣ ውኃ ጠጪ ይላታል፤ የአባልነቱ ወረቀት ሲወጣ ግን ምጣዱ ያረረበት ይመስል ብድግ ይላል። ሚስጥሩን የነገረቻት ታችኛው ፎቅ ያለችው ታሪኳ ናት። አሞስ ቀድሟት በየቤቱ ዞሮ፣ ማኅበሩ ውስጥ የገባ ሰው ልጁ ከትምህርት በኋላ የሚውልበትን ቦታ ያጣል ብሎ አስወርቷል። እውነት አልነበረም፤ ግን በልጁ የሚሞክር ማን አለ?

«ባንችዬ፣ እኔ እስከ ማታ ሥራ ላይ ነኝ» አለቻት ታሪኳ። «ልጄን የት ልጣላት?»

ባንች አልተቆጣቻትም። ወደ ቤቷ ወጥታ ሳሎኑን አጸዳች፣ ወንበር ተዋሰች፣ ሽማግሌዎቹን ትጠብቅ ጀመር። ሌላ ሰው ሽማግሌ ሊመጣበት ነው ሲባል ዘመድ ቤት ይደበቃል። እሷ ቀኑ ዘገየባት።

መጡ። ፊት ፊት አባ ይርሳው፣ በሱዳን በረሃ ቤተሰባቸውን ይዘው የወጡት፤ ከእሳቸው ጋር ሁለት አዛውንቶች፤ ከኋላ አሞስና የሚስቱ አባት። አሞስ ጃኬቷን አጣጥፎ ይዞላታል። ተቀብላ ጭኗ ላይ አኖረችው።

በጎንደር ወግ ወሬ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱም ወገን «ሽማግሌ ያለውን እቀበላለሁ» ብሎ ዋስ ይጠራል። አሞስ ባንችን ለማሰር ቸኩሎ ቀድሞ ቃሉን ሰጠ፤ አማቱን ዋስ ጠራ። እሷም ወንድሟን ኤቪያታርን ጠራች። አሞስ በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ የሕዝባችን ስም እየጠፋ መሆኑን፣ ትምህርት ቤቱም የሚችለውን እያደረገ መሆኑን ዘረዘረ። ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን እንደሚጠይቅ ረስቶታል።

«አንቺስ ልጄ?» አሉ አባ ይርሳው።

«እኔ አንድ ነገር ልጠይቀው። አሞስ፣ ይሄን ጃኬት ከየት አመጣኸው?»

«ከመነሄሌቷ ቢሮ ነዋ። ረስተሽው ሄደሽ።»

«ልወስደው ተመልሼ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ነበር።»

ከዚያ ያለውን ሁሉ ቃል በቃል፣ መጀመሪያ በዕብራይስጥ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ነገረቻቸው። የመነሄሌቷን ሳቅ እንኳ አልተወችም፤ በየቤቱ ያስወራውንም ጨመረች። አሞስ ሊነሣ ሲል አማቱ እጅጌውን ያዙት። «ቁጭ በል። ዋስህ እኔ ነኝ።»

አባ ይርሳው ወደ አሞስ ዞረው፣ «እኛን የሰው አፍ መድፈኛ አደረግኸን?» አሉት።

ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ ተባለ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ድንጋይ የለም፤ ኤቪያታር ወርዶ እግረኛ መንገድ ላይ የተነቀለ የንጣፍ ሸክላ ይዞ መጣ። አሞስ ተሸክሞ አጎነበሰ። ወጉ ቶሎ «ተው፣ አውርድ» ማለት ነው። ባንች ቶሎ አላለችም። ጃኬቷን ለበሰች፣ እጅጌውን አስተካከለች፣ ከዚያ አወረደችው።

ለካሳው በግ ቢያነሡላት አልቀበልም አለች። «የዘጋኸውን በር ሁሉ በራስህ እጅ ታንኳኳለህ። የዋሸኸውን በራስህ አፍ ታነሳለህ። ካሳዬ ይሄ ነው።»

አባ ይርሳው ሁለቱን አዛውንቶች አዩና፣ «ይገባታል፤ እንዲያውም ከእኛ ይጀምር» ብለው ለአባልነቱ መጀመሪያ ስማቸውን ጻፉ፤ ቀጥሎ አሞስን አስፈረሙት።

በማግስቱ ከሥራ መልስ ጀመሩ። አሞስ ያንኳኳል፣ ባንች ከኋላው ትቆማለች። የሚለው የተወሰነ ነው፦ «ያልኋችሁ ውሸት ነበር። እኔም አባል ሆኛለሁ። ግቡ።» ካጉረመረመ «አልተሰማም» ትለዋለች። ታሪኳ ሳይጨርስ ፈረመች። እማማ አገኘሁሽ ግን ጆሯቸውን ይዘው ሦስት ጊዜ አስደገሙት። እማማ አገኘሁሽ ከታች የሚሾካሾክ ሰው እንኳ እንደሚሰሙ ባንች ታውቃለች፤ አላረመቻቸውም። ቀድሞ የገባ ሰው ቤት እንኳ አልዘለለችለትም።

ማኅበሩ በራሱ ስም ክሱን ባስገባ ሰሞን ከትምህርት ቤቱ ተደወለ፤ ለኦፍሪ ቦታ ተገኝቷል። አሞስ ዜናውን ሲሰማ ፊቱ በራ። «እንግዲህ ይበቃሻል፤ ክሱም ይነሳ።»

«ክሱ የማኅበሩ ነው፤ እኔን አትለምነኝ» አለችው። «ደግሞ አንድ በር ቀርቷል።»

የቀረው ዐጋሚም በሚባለው ሰፈር ነው፤ አሞስ በባንክ ብድር የገዛው ቤት፣ ረጅሙ ሕንፃ ላይ። በሊፍቱ ሲወጡ አሞስ ሁለት ጊዜ ተለማመጣት። የራሱን ቤት ደወል ደወለ። ሚስቱ ሻሺ ከፈተች።

«ምነው፣ ቁልፍህን ጣልኸው?»

አሞስ ወለሉን እያየ ቃሉን አለ። «አልተሰማም» አለች ባንች። ቀና ብሎ ደገመው።

ሻሺ አንዴ ባሏን፣ አንዴ ባንችን አየች። የእነሱ ልጅ የሚማረው እዚያው ትምህርት ቤት ነው። «ለእኛ ልጅ ቦታ የተገኘው ሌላውን ወላጅ ዝም ስላሰኘህ ነው?» አለችው። አሞስ ወደ ሊፍቱ ዞረ።

«አንተ እዚያው ቆይ። እሷ ትግባ» አለች።

ባንች ገባች። በሩን የዘጋችውም ራሷ ናት።