የገመዱ ጫፍ

ሥራ የጀመርኩት አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። ከብረታ ብረት ፋብሪካ ወጥቼ ነበር የመጣሁት። መጋዘኑ የዋሻ አጥኚዎች ነበር፤ ገመድ፣ መንጠቆ፣ የራስ ቁርና የግንባር መብራት ይቀመጥበታል። የእኔ ድርሻ ገመድ መዘርጋትና ሰው ማውረድ እንደሚሆን ተነገረኝ።

አለቃዬ ጋሽ ከድር ይባላሉ፤ የስልጤ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን የገመዱ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን ቋጠሮ አሳዩኝ። ወራጁ ገመዱ ማለቁን ሳያውቅ ቢንሸራተት የሚይዘው እሱ ብቻ ነው።

"ገባህ?" አሉኝ።

"ገብቶኛል፣ ጋሼ።"

"እስቲ እሰር።"

አልገባኝም ነበር። ጣቶቼ ተተበተቡ። ገብቶኛል ያልኩት ታላቅ ሰውን "ይድገሙልኝ" ማለት ነውር መስሎኝ ነው። ጋሽ ከድር ሳቁና "ገመድ ይሉኝታ አያውቅም" አሉኝ። ማሰሩን በዚያው ሳምንት ቻልኩ፤ ሳይገባኝ እሺ ማለቱን ግን አልተውኩም።

ከዓመታት በኋላ ውጭ አገር ለሚደረግ የዋሻ አሳሾች ጉባኤ ተጋበዝን። ጋሽ ከድርን ጉልበታቸውን አሟቸው ስለነበር እኔን ላኩኝ። ጥልቅ ጉድጓድ ፈርቼ አላውቅም፤ እንግሊዝኛ ግን ፈራሁ። ሳሪስ አቦ የምትኖረው እህቴ ሰናይት አስተማሪ ናት። ስለ ዋሻዎቻችን የምናገረውን እንግሊዝኛ በአማርኛ ፊደል ጻፈችልኝ፤ ሚኒባስ ውስጥ ሳነበንበው ሰነበትኩ።

"ጥያቄ ቢጠይቁህስ?" አለችኝ።

"እሱን እዚያ እንደርስበታለን።"

ንግግሩ ደህና አለፈ። ጥያቄው ሲመጣ ግን ምን እንደተባልኩ አልገባኝም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ፈገግ እያልኩ ራሴን ነቀነቅኩ። እነሱም ፈገግ አሉ። ዘዴው ሠራልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ገደል ላይ ልምምድ ነበር። ገመዱ አስቀድሞ ቁልቁል ተንጠልጥሏል። አሰልጣኙ፣ ቀጭን ረጅም ሰው፣ ወደ ታች እየጠቆመ በጥድፊያ አስረዳኝ። ስለ ገመዱ ጫፍ እንደሚያወራ ገባኝ። ቋጠሮው ታስሯል ይበል፣ አንተ እሰረው ይበል ግን አላወቅኩም። "የስ፣ የስ" አልኩት። እሱም ወደ ሌላው ቡድን ሄደ።

ከእኔ ጋር የተመደበችው ከፖላንድ የመጣች አና የምትባል ሴት ነበረች። እንግሊዝኛዋ እንደኔው ነው። ቁርስ ላይ ሌላ የምናወራው ስላጣን ከስልኳ የልጇን ፎቶ አሳይታኛለች። አሁን ራሷን ገመዱ ላይ አያይዛ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጠች። ልውረድ ወይ ለማለት አውራ ጣቷን አነሳችልኝ።

እኔም ላነሳ ነበር። የጋሽ ከድር ሳቅ ትዝ አለኝ።

"ቆዪ! አልገባኝም!" ብዬ በአማርኛ ጮህኩ፤ ገመዷንም ያዝኩ።

ቃሉን ያወቀ የለም፤ በአካባቢው የነበሩት ቡድኖች ሁሉ ግን ባሉበት ቆሙ። ያ ሁሉ ሰው ሲያየኝ ፊቴ ነደደ። አሰልጣኙ ሮጦ መጣና ገመዱን ጎትተን አወጣነው። ጫፉ ባዶ ነበር። አሰልጣኙ ደሙ ከፊቱ ሸሸ። ተቀምጦ ጭቃው ላይ ገመድ ሣለ፣ ቋጠሮ ሣለ፣ ከዚያ በጣቱ እኔን አመለከተ። እሰር ብሎኝ ኖሯል። ገመዱ ከገደሉ ወለል በብዙ ሜትር ያጥር ነበር።

 አና ጫፉን አቀበለችኝ። አሰርኩት፤ ራሷ ፈትሻ ወረደች።

አቃቂ ተመልሼ ለጋሽ ከድር ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

"እዚያም ገብቶኛል አልክ?"

"አልኩ፣ ጋሼ።"

በዚህ ጊዜ አልሳቁም።

ዛሬ መጋዘኑን የያዝኩት እኔ ነኝ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ "ገባህ?" አልለውም፤ "አሳየኝ" እለዋለሁ። ወደ ጉባኤ ለሚሄዱት ሰናይት አሁንም በአማርኛ ፊደል ትጽፍላቸዋለች። ከንግግሩ በፊት ግን "አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ" የሚለውን እንድታስጠናቸው አደርጋለሁ። ያልገባን ነገር ገብቶኛል ማለት አክብሮት አይደለም። አና ወደ ልጇ የተመለሰችው እኔ በሰው ፊት ለማፈር ስለደፈርኩ ነው።