በቁሙ የተለቀሰለት

ወለተ ሩፋኤልና ውዴ የአርባ ዓመት ቃል ነበራቸው፤ ቀድማ ለሞተችው የቀረችው ታለቅስላታለች። ሁለቱም የታወቁ ሙሾ አውራጆች ነበሩ። ባሕር ዳር ውስጥ ከሽምብጥ እስከ ዓባይ ማዶ፣ ድንኳን በተጣለበት ሁሉ፣ አንዷ ስታወርድ ሌላዋ ትቀበላለች።

"አንቺ ካላወረድሽልኝ መሬቱም አይቀበለኝ" ትል ነበር ውዴ እየሳቀች።

"አፍሽን ቁርጥ ያርገው! ገና ስንቱን እንሸኛለን።"

ሙያው ሕግ አለው። ለቅሶው ሳይጀመር ሙሾ አውራጇ ከቤተ ሰቡ ጋር ጓዳ ትገባለች። ሟች ማንን ወደደ? ማንስ አስቀየመው? የተነገራትን በስንኝ ቋጥራ ድንኳን ውስጥ ትለቀዋለች። የበደለ ይወቀሳል፣ የተወቀሰ ያለቅሳል፣ ቂሙም ከእንባው ጋር ይፈሳል። ከሰልስት በኋላ ያንን ስንኝ አንሥቶ ሰው የሚነካ ነውረኛ ነው። ሙሾ ከድንኳን አይወጣም።

ባምላክ አወጣው።

ባምላክ የሰፈሩ ልጅ ነው። ድሮ በጀልባ ገዳማቱን ያስጎበኝ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ግን ስልኩን ዘንግ ላይ ሰክቶ ከጠብ ጠብ፣ ከቀብር ቀብር የሚዞር የቲክቶክ ጌታ ሆነ። ጥንብ አንሣ ሬሳ የሚሸተው ከሰማይ ነው፤ ባምላክን ከሦስት ሰፈር ማዶ ይሸተዋል።

ጀልባ ነጂው አንዳርጋቸው የሞተ ዕለት ወለተ ሩፋኤል እንዲህ አወረደች፦

ጣናን አሻግሮ ሰው ሲያደርስ የኖረው፣
መንገድ ተሻግሮ ግን ወንድሙ አላየው።

ወንድምየው ሀዲስ የቢሮ ሰው ነው፤ ቤቱ ከሟች ቤት ፊት ለፊት ሆኖ ሁለት ዓመት በሽተኛውን አልጠየቀም። ያን ስንኝ ሲሰማ ሳጥኑ ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን ጮኸ። የሟች ሚስት እጁን ይዛ አነሣችው፤ እዚያው ታረቁ። ስንኙ ሥራውን ጨረሰ።

በማግሥቱ ባምላክ ድንኳን ውስጥ ከቀረጸው እርቁን ቆርጦ ጣለና ሁለቱን መስመር ብቻ ለጠፈ። ሀዲስን በቀይ ቀስት አመልክቶ፣ "ወንድሙን የገደለው ጨካኝ ተጋለጠ!" የሚል ጨመረበት። ሦስት መቶ ሺህ ሰው አየው። ሀዲስን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ ሰዎች እናቱን ሳይቀር ሰደቡ። ልጆቹ ትምህርት ቤት መሄድ ጠሉ።

ሀዲስ ከወለተ ሩፋኤል ደጅ መጣ፤ ግባ ብትለው አልገባም።

"እትዬ፣ እኔ ያለቀስሁ እርስዎ ፊት ነው። አገር ፊት አልነበረም።"

ይህን ብሎ ሄደ። እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ባምላክን ፍለጋ ወረደች። ከሐይቁ ዳር ጁስ ቤት፣ ከጓደኞቹ ጋር አገኘችው።

"አጥፋው ልጄ።"

"እማማ፣ ቫይራል ወጥተዋል እኮ! ሰው አገር ድረስ እየሰሙዎት ነው።"

"ማንን ስማኝ አልሁ?"

ስልኩን አሳያት። መነጽር ያደረገች ልጅ በወለተ ሩፋኤል ድምፅ ወገቧን ትወዘውዛለች። ከሥር የተጻፈውን ባምላክ እየሳቀ አነበበላት፦ "አሮጊቷ ሟርተኛ"፣ "ለአማቴ ቀብር ቅጠሩልኝ"፣ "ሀዲስ ይሰቀል።"

"ያንተ እናት ስትሞትስ?"

"ላይቭ ነዋ!" ጓደኞቹ አሽካኩ።

ወደ ጣና ዞረች። ሐይቁ እንኳ ያሰጠመውን ሰው በሦስተኛው ቀን ይተፋዋል፤ ይህ ስልክ የሚሉት ግን የዋጠውን አይተፋም፣ ሲያመነዥከው ይኖራል።

ወር ሳይሞላ ውዴ ሞተች። ልጇ እሌኒ መጥታ ወለተ ሩፋኤል እግር ላይ ወደቀች።

"እትዬ፣ እናቴ እርስዎን እንደጠራች ነው የሄደች። ግን በፈጣሪ፣ የቤታችን ገመና . . ."

"ማንንም አልነካ። ለውዴ አርባ ዓመት ያበሰልሁት ስንኝ አለኝ፤ እሱን ብቻ ነው የምለው።"

ድንኳኑ ውስጥ አልቃሹ ክብ ሠራ። ወለተ ሩፋኤል ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መሐል ገባች። ደረቷን መታች፤ አፏን ከፈተች።

"እማማ፣ ላይቭ ነን! ወደዚህ ዞር ይበሉልን!"

ባምላክ ወንበር ላይ ቆሟል። ዞረችለት። ዓይኗን ዓይኑ ላይ ተክላ፣ በዚያ ድንጋይ በሚያስለቅሰው ድምፅ፦

አልቅሱ ለባምላክ፣ ወዮ በሉ ለሱ፣
ስልኩ ከእጁ አለ፣ ወጥታለች ግን ነፍሱ።

በቁም ሰው ላይ ሙሾ ማውረድ ሞትን በስም መጥራት ነው፤ ደመኛ እንኳ አያደርገውም። ቄሰ ገበዝ መርስዔ ኀዘን መስቀላቸውን አንሥተው፣ "ተይ! አንቺ ሴት፣ በቁም ሰው!" አሉ። አልሰማቻቸውም።

የሰው እንባ ለቅሞ ገበያ ያወጣ፣
ለራሱ ሚያለቅስ አንድ እንኳን ሰው አጣ።

የባምላክ እናት ከአልቃሹ መሐል "ልጄን ቀበረችብኝ!" ብላ ተዘረረች። እሱም ከወንበሩ ተንከባሎ ወደ እናቱ ሮጠ። መሬት የወደቀው ስልክ እንደበራ ነው፤ ተመልካቹ የሚልካቸው ልቦች ይንሳፈፉበታል። አንዱ ከሥር "ነፍስ ይማር" ብሎ ጻፈ።

በዚያ ጩኸትና ትርምስ መሐል የውዴ ሬሳ ተነሣ። እሌኒ ሳጥኑን ተከትላ ስታልፍ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታያት፣ "እናቴን ያለ ሙሾ ልቀብራት ነው። እርስዎ ከእሱ በምን ተሻሉ?" አለች።

ባምላክ የሀዲስንም ጨምሮ የለጠፈውን ሁሉ አጠፋ። የራሱን ሙሾ ግን ሌሎች ቀድተውታል፤ አሁን በመንገድ ሲያልፍ ሴቶች ያማትባሉ፣ ጎረምሶች "ነፍስ ይማር!" ብለው ሰላምታ ይሰጡታል። ወለተ ሩፋኤልንም ከዚያ ወዲህ ለቅሶ የጠራት የለም። በቁም ሰው ያለቀሰ አፍ ለሬሳ አይሆንም ተባለ።

የውዴ ስንኝ እስከ ዛሬ ጉሮሮዋ ላይ ነው። መቃብሩ ድረስ ወርዳ እንዳትለው፣ አጥሩ ሥር ስልኩን ደግኖ የሚጠብቃት አይጠፋም።