የጉደታ አሬዳ

ሸዋጌጥ ያን ቀን ጠዋት ምላጩን ከመሳቢያው ሦስት ጊዜ አወጣችው፤ ሁለት ጊዜ መለሰችው። በሦስተኛው ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችውና የፀጉር ቤቱን ወለል መጥረግ ጀመረች። ወለሉ ተጠርጎ ነበር። እንደገና ጠረገችው።

ባለፈው ሳምንት ባሏ ሠርፀ መምህር ታዲዮስን ሲላጭ እጁ ተንቀጠቀጠና ጉንጩን ቆረጠው። "ምላጩ ደንዞ ነው" አለ ሠርፀ። ምላጩ አልደነዘም። ሸዋጌጥ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ቁርስ ላይ የሻይ ብርጭቆው ከሳህኑ ጋር ሲንገጫገጭ ከጓዳ ትሰማ ነበር። አልጠየቀችውም፣ አልነገራትም። መምህር ታዲዮስም ከዚያ ወዲያ ማዶ ካሉት ባለ ቶንዶሶች ዘንድ ሄደ፤ አልፎ ሲሄድ ሰላምታው ብቻ ቀረ።

ዛሬ የሚመጣው ሌላ ሰው ቢሆን ባልከፋ። የሚመጣው ግን ጉደታ ነው። ነገ ልጁን ሞሲሳን ይድራል፤ የሙሽራይቱ ወገኖች ከአኖ ሲመጡ በር ላይ ቆሞ የሚቀበላቸው እሱ ነው። በሠርግ ዋዜማ የአባትየው ፊት ቢደማ ምን ይባላል? ሠርፀስ ከዚያ በኋላ በየት በኩል ቀና ብሎ ይሄዳል?

ከአርባ ዓመት በፊት፣ ሠርፀ ከመንዝ መጥቶ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ ይህቺን አንዲት በር ሲከራይ፣ ኦሮምኛ ብሎ የሚያውቀው "አካም" ማለትን ብቻ ነበር። ጉደታም ያኔ ከዲጋ ገጠር የመጣ ጎረምሳ ነው፤ አማርኛው ከዚያ አይሻልም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ እጁን ከአገጩ ወደ ጉሮሮው ቁልቁል አወረደና "አሬዳ! አሬዳ!" አለ። ጢሜን ማለቱ ነው። ምላጭ የጨበጠው ሠርፀ ግን የሰማው "እረድ" የሚል ነው።

"ኧረ ወንድሜ፣ እኔ በግ እንኳ አርጄ አላውቅም!" ብሎ ወደ በሩ አፈገፈገ።

ጎረቤት ተጠርቶ ሲያስተረጉም ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ያኔ ሙሽራ የነበረችው ሸዋጌጥ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና አፏን በነጠላዋ አፍና ነበር። ከዚያ ወዲህ ጉደታ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመጣ ሰላምታው አንድ ነው፦ "መጣሁ ሠርፄ፣ እረደኝ!" አርባ ዓመት ያሳቃት ቃል ዛሬ እንዳይባል ተመኘች።

"አካም ቡልተኒ፣ አዴ ሸዋጌጥ!" ብሎ ጉደታ በሩ ላይ ቆሞ እንደምን አደርሽ አላት።

ደንግጣ መጥረጊያውን ጣለችው። "ነጋ፣ ገለታ ዋቃ፤ ተመስገን። ግባ፣ ኦቦ ጉደታ።"

"መጣሁ ሠርፄ፣ እረደኝ! ግን ለነገ ነፍስ አስቀርልኝ።"

"ተቀመጥ ጉዴ፣ ሥጋህ እንደሆነ አርጅቷል" አለ ሠርፀ፤ ፎጣውን አንገቱ ላይ አሰረለት። ቋጠሮው ሁለቴ ከእጁ አመለጠ።

ከዚያ ብሩሹን አነሳ። ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጣት የማያስገባ አሮጌ ብሩሽ ነው። ለብ ባለ ውሃ ነክሮ አራገፈው፣ ሳሙናው ላይ አሸው፣ ከጉደታ ጉንጭ ጀመረ። ሠርፀ አረፋ ኩባያ ውስጥ መትቶ አያውቅም፤ "አረፋ ፊት ላይ ነው የሚያድገው" ይላል። መጀመሪያ እንደ ልብስ እጣቢ ስስ ሆነ። ብሩሹን ጫፉን ብቻ ውሃ አስነካ፤ ዙሪያውን አዞረ፤ እንደገና ጠብታ ውሃ፣ እንደገና ማዞር። አረፋው እየወፈረ፣ እየጠበቀ ሄዶ እንደ እርጎ አናት ቆመ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ብሩሹ ውስጥ ግን መንቀጥቀጡ አይታይም፣ እንዲያውም አረፋውን ያደልበዋል።

ሸዋጌጥ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ዘጋችው።

ሠርፀ መሳቢያውን ሳበ። ምላጩ የለም። ጨርቁን ገለጠ፣ የለም። ቀና ብሎ ሚስቱን አየ። ዓይኗ ወደ ነጠላዋ ቋጠሮ ወረደ። ገባው። ብሩሹን ነክሮ የደረቀውን ጉንጭ እንደገና ቀባ። ያኛው ጉንጭ ደረቀ፤ ያንንም ቀባ። ሦስተኛ ዙር ጀመረ።

"ምነው ሠርፄ፣ ልትላጨኝ ነው ልትለስነኝ?" አለ ጉደታ። ማንም አልሳቀም። በመስታወቱ ውስጥ አንዱን አየ፣ ሌላዋን አየ፤ ከዚያ ብሩሹ የሌለበትን፣ ወንበሩ ላይ የሚርገበገበውን የሠርፀን ግራ እጅ አየ።

"የዝማሬ አባት" አለች ሸዋጌጥ ባሏን በልጃቸው ስም ጠርታ፣ "እኔ ነኝ የወሰድኩት።" ቋጠሮውን ፈታችና ምላጩን ዘረጋችለት።

ሠርፀ አልተቀበለም። ከፎጣው ሥር የጉደታ እጅ ወጥቶ ቀደመው።

"ወዲህ በዪው። አርባ ዓመት አረደኝ፤ ዛሬ ራሴን ልረድ። አንቺ መስታወቱን ያዢልኝ። አንተ አረፋህን አትተው፣ እየደረቀ ነው።"

እንዲህ ሆነ። ጉደታ ይላጫል፣ ሠርፀ ከምላጩ ፊት ፊት እየቀደመ አረፋውን ያድሳል፣ ሸዋጌጥ መስታወቱን ይዛ ትንፋሿን ውጣለች። ጉሮሮው ጋ ሲደርሱ ጉደታ "ዋይ!" አለ። ቀይ ጠብታ በነጩ አረፋ ላይ ብቅ አለ።

ሠርፀ ጎንበስ ብሎ አየና በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብሎ ሳቀ። "አርባ ዓመት አንዲት ጠብታ ያላፈሰስኩትን! እንዲያው እጅህ ይቆረጥ፣ ጉዴ!"

"አሬዳ ማለት ይኸው ነው፤ ያኔ በትክክል ነው የሰማኸኝ" አለ ጉደታ፣ ደሙን በፎጣ ተጭኖ።

ደሙ ሲቆም ተነሳ። ምላጩን አጠፈና በኮት ኪሱ ከተተው። "ነገ በጠዋት ብሩሽህን ይዘህ ና። ሞሲሳን አንተ ትቀባዋለህ፣ እኔ አርደዋለሁ" ብሎ ወጣ።

ሸዋጌጥ ምላጩ መሄዱን አይታ ልትጠራው ወደ በሩ ተራመደች።

"ተዪው፣ ሸዋዬ" አለ ሠርፀ። ብሩሹን አጥቦ ደጋግሞ አራገፈው። "እንኳን ወሰደው። ይልቅ ይህን ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ስቀዪልኝ፣ ለነገ ይድረቅ።"